የሕንፃችን ፓምፕ ከቆመ ሰነበተ፣ ኮሚቴው ፈርሷል፤ ተከራይ ሆኜ ከየት ልጀምር?

አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጂ+4፣ በየፎቁ 6፣ በድምሩ 30 ቤት። ምድር ላይ ባለ 5,000 ሊትር ሁለት ሮቶ አለ፣ ጣሪያ ላይም እንደዚያው። ውሃ በፈረቃ ሌሊት ይመጣል፣ የታችኛው ሮቶ ይሞላል፣ ፓምፑ ግን ወደ ላይ መግፋቱን ካቆመ ቆየ። ምድርና አንደኛ ፎቅ ያሉት ከመስመሩ በቀጥታ ስለሚደርሳቸው ጉዳዩ አላሳሰባቸውም። ከሁለተኛ በላይ ያለነው ጀሪካን እየገዛን በደረጃ እናስወጣለን። ከእኛ መካከል አቅመ ደካሞችም አራስም አሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቤቱን አከራይቶ ሄዷል። «የተዋጣውን ብር በልተውታል» ይባላል፤ እውነት ይሁን ሐሜት የሚያውቅ የለም። የቴሌግራም ግሩፓችን በየቀኑ «ኧረ አንድ ነገር እናድርግ» ይላል፣ እሱን ብሎ ይተኛል። የፓምፑ ክፍል ተቆልፏል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የቤት ባለቤት ሳልሆን፣ ማንም ሳይመርጠኝ ይህን ጉዳይ ማንሳት እችላለሁ ወይ? ከቻልኩስ የሚቀድመው የቱ ነው፦ ስብሰባ መጥራት፣ ብር ማዋጣት ወይስ ባለሙያ ማምጣት?


ዲናሞ ጠጋኝ፦

ከሦስቱም በፊት የተበላሸው ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። እሱም በአብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። «ፓምፑ ተቃጥሏል» ተብሎ ብር ከተዋጣ በኋላ ጥፋቱ ያልተሞላ የቆጣሪ ካርድ ሆኖ ቢገኝ፣ ሁለተኛ ማንም አያዋጣም።

መጀመሪያ የጋራውን መብራት ቆጣሪ እዪ። ፓምፑ፣ የደረጃው መብራትና የጥበቃ ቤቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቆጣሪ ላይ ናቸው። የደረጃው መብራትም አብሮ ጠፍቶ ከሆነ ፓምፑን ለጊዜው ተዪው፤ ቆጣሪው የካርድ ከሆነ ሂሳቡ አልቆ፣ የድሮው ዓይነት ከሆነ በውዝፍ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ብሬከሩ ነው። ወድቆ ካገኘሽው አንድ ጊዜ ብቻ መልሺው። ወዲያው ከወደቀ ደግመሽ አትሞክሪ፤ ወይ የዲናሞው (ፓምፑን የሚያዞረው ሞተር) የሽቦ ጥቅል ተቃጥሏል ወይ ውሃ ገብቶበታል፣ ከዚያ በኋላ የባለሙያ ሥራ ነው።

ብሬከሩ ካልወደቀ ጆሮ ይፈርዳል። ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪክ ዲናሞው ጋ አልደረሰም ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ተንሳፋፊውን ነው፦ ጣሪያ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ስዊች ቆሻሻ ይዞት ወደ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ባዶውን ሮቶ «ሞልቷል» እያለ ፓምፑን ያስቆመዋል። የታችኛውም ወደ ታች ተጣብቆ ከቀረ ሙሉውን «ባዶ ነው» ይላል። ሁለቱንም በእጅ አነቃንቆ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጣሪያ ላይ ግን ብቻሽን አትውጪ።

እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ቶሎ አጥፊው፣ ከ10 ሰከንድ አይለፍ፤ እንዲህ ሆኖ ሲቆይ ነው ጥቅሉ የሚቃጠለው። ምክንያቱ ወይ ካፓሲተሩ (ዲናሞውን የሚያስነሳው፣ ኃይል የሚይዘው ዕቃ) ነው ወይ ዘንጉ ዝጎ ተይዟል። የሚዞር ግን ውሃ የማይገፋ ከሆነ ደግሞ አየር ይዟል፤ በላዩ ያለው የመሙያ ቡሽ ተፈትቶ አረፋው እስኪያልቅ ውሃ ይሞላበታል። ከሞላሽው በኋላ ሠርቶ በማግሥቱ እንደገና ከቆመ የመሳቢያው ቧንቧ አየር የሚያስገባበት ቦታ አለ። ዲናሞውና ፓምፑ የሚገናኙበት ላይ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ «ሲል» የሚባለው የዘንጉ ማሸጊያ ተበላሽቷል። ይህ በብዛት የሚመጣው ፓምፑ ባዶ ሮቶ እየሳበ በደረቁ ሲሠራ ነው።

ከመውጣትሽ በፊት የዲናሞውን ስም ሰሌዳ ፎቶ አንሺ፦ ኪሎዋቱ፣ ቮልቱ (220 ነው 380)፣ አምፔሩ፣ የካፓሲተሩ ማይክሮፋራድ፣ የሚገፋበት ከፍታና በሰዓት የሚያወጣው ውሃ። ፓምፕ መግዛት ግድ ቢሆን እንኳ «ባለ አንድ ፈረስ ተኩል» ብሎ መግዛት ስህተት ነው። ከምድር እስከ ጣሪያው ሮቶ 15 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ቧንቧውና መታጠፊያዎቹ የሚበሉት አለ፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ትልቁ ከፍታ ከ25 ሜትር የማያንስ ይሁን። ፓምፑ ትልቁ ከፍታው ላይ ሲደርስ የሚያወጣው ውሃ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ፣ ልክ 15 የሚል ፓምፕ ገዝቶ የሚያማርር ሰው በራሱ ይፍረድ።


ገንዘብ ያዥ፦

ስለ ማሽኑ ተነግሯል፣ ስለ ሰዉ ልጨምር። «አንድ ነገር እናድርግ» ሲባል አድራጊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሠላሳው ቤት ይስማማና ሠላሳው ሌላውን ይጠብቃል። ግሩፑ ላይ «ማን ይረዳኛል?» ብሎ መጻፍም ያው ነው። ሰው በስሙ፣ ከነሰዓቱ፣ ለአንዲት ትንሽ ነገር ነው የሚጠየቀው፦ «እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የፓምፑ ክፍል ሲከፈት አብረውኝ ይቁሙ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም»። ይህን እንቢ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ ከላይኛው ፎቅ፣ አንዱ ዕድሜው የገፋና የሚከበር፣ ሦስተኛው የግድ ከምድር ወይም ከአንደኛ ፎቅ። የታች ሰው ከሌለበት ነገሩ «የላይኞቹ ጉዳይ» ተብሎ ይቀራል።

ፓምፑ የታየ ዕለት፣ ሳይመሽ፣ አንድ ወረቀት በራፉና ደረጃው ላይ ለጥፉ። ቴሌግራም የማይከፍቱ አሉ፣ ደግሞ ግሩፕ ውስጥ መልእክት በሃያ ስቲከር ይቀበራል። ወረቀቱ አጭር ይሁን፦

«ለብሎካችን ነዋሪዎች። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ፓምፑ ታይቷል። የጋራ ቆጣሪው ይሠራል። ዲናሞው ድምፅ ያሰማል፣ አይዞርም። ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ባለሙያ ያየዋል፤ መገኘት የሚፈልግ ይምጣ። እስካሁን የተሰበሰበ ገንዘብ የለም። ያዩት፦» ብሎ ሦስት ስም ከነቤት ቁጥር።

ከዚህ ሁሉ ክብደት ያላት «የተሰበሰበ ገንዘብ የለም» የምትለዋ ናት። ቀድሞ በሐሜት የተቃጠለ ሕንፃ ውስጥ ከብር የጀመረ ሰው ገና ሳይናገር ተጠርጣሪ ነው።

ብሩ ሲመጣ ደግሞ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ውሰዱ፣ ሦስቱንም ለጥፉ። ከዚያ ጥሬ ብር ሳትቀበሉ ቃል ብቻ በዝርዝር መዝግቡ። ለምሳሌ ጥገናው 45,000 ብር ከሆነ ለ30 ቤት 1,500 ይደርሳል፤ ነገር ግን የተዘጋ ቤት አለ፣ ባለቤቱ ውጭ ያለ አለ፣ ጭራሽ የማይከፍል አለ። 24 ቤት ብቻ ከከፈለ 1,875 ነው የሚሆነው። ይህን ከመጀመሪያው ንገሯቸው፦ «1,875 እንይዛለን፣ የቀሩት ሲከፍሉ ትርፉ ለመጠባበቂያ ይሆናል»። 1,500 ብሎ ሰብስቦ መሐል ላይ «ጎደለ ጨምሩ» ማለት ሥራውን ይገድለዋል። የቃሉ ድምር ሒሳቡን ሳይሸፍን ባለሙያውን «ጀምር» አትበሉ።

ገንዘቡ በአስጀማሪዋ ስም አይግባ። ወይ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ይከፈት፣ ወይ (ለአንድ ጊዜ ሥራ ይህ ይቀላል) ነዋሪው በቀጥታ ለዕቃ ሻጩና ለጠጋኙ ሒሳብ አስገብቶ ደረሰኙን ይላክ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ አትጣሉት፤ ካፓሲተርም ይሁን ሲል ለሁለት ሳምንት ጥበቃ ቤት ይቀመጥ። «በእርግጥ ተቀይሯል?» ለሚል ሰው አሮጌውን ከማሳየት የበለጠ መልስ የለም።

ተከራይነትሽን በተመለከተ፦ ለማየት፣ ለመጻፍና ሰው ለማገናኘት ምርጫ አያስፈልግም። መዋጮው ግን የባለቤት ግዴታ ነው። አንቺ የምትከፍዪ ከሆነ ከኪራዩ እንደሚቀነስ አከራይሽ በጽሑፍ መልእክት ያረጋግጥልሽ፣ ከመክፈልሽ በፊት።


ሰለቸኝ፦

ልፋት ብቻ ነው እህቴ። የጀመረ ሰው ይታማል፣ ሲሠራለት ደግሞ «ድሮም ቀላል ነበር» ይባላል። ቤት ቀይሪ።


የእድር ጸሐፊ፦

ሰለቸኝ፣ መታማቱ እውነት ነው፤ ግን የምትቀይረው ቤትም ፓምፕ አለው።

ከላይ በተባለው በአንድ ነገር አልስማማም። ተከራይ ሆና የተቆለፈ ክፍል ከፍታ ብሬከር ብትነካ፣ በማግሥቱ ዲናሞው ቢቃጠል «እሷ ነካችው» ነው የሚባለው። ስለዚህ ቁልፍ አይሰበር። ቢያንስ አንድ የቤት ባለቤት፣ ቢቻል ሁለት፣ «እንዲታይ ተስማምተናል» ብለው ግሩፑ ላይ ይጻፉ፣ ሲከፈትም በአካል ይቁሙ። ብሬከሩንም እነሱ ይመልሱት።

ሁለተኛ፣ የቀድሞውን ሰብሳቢ አትዝለሉት። አንድ የሚያከብረው ሰው ይደውልለትና ሒሳብ ሳይሆን ርክክብ ይጠይቀው፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የፓምፑን ቁልፍና የቆጣሪውን ካርድ ከማን ልቀበል?» የሚጠየቁት አራት ነገሮች ናቸው፦ ቁልፍ፣ የቆጣሪ ካርድ፣ የማኅበሩ ማኅተምና የባንክ ደብተር። ሁለቱ ፊተኞቹ በስልክ ያልቃሉ። ማኅተሙና ደብተሩ ባለቤቶቹ ተሰብስበው አዲስ አመራር ሲመርጡ በቃለ ጉባኤ ነው የሚተላለፉት። «ብሩን የት አደረሳችሁት?» ተብሎ የተጀመረ ስልክ ቁልፉንም አያስገኝም። ኦዲቱ ይቅር አላልኩም፣ ከውሃው በኋላ ይሁን ነው የምለው።

ስለ ሕጉ፦ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የባለቤቶቹ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት አለው፣ ለጋራ ወጪ ማዋጣት ያለበትም የቤቱ ባለቤት ነው። ቤቱ ተዘግቶ መቀመጡ ከመዋጮ ነፃ አያደርገውም። ይህን ለእምቢተኞች በትሕትና አስታውሱ እንጂ ክስ እስኪያልቅ ውሃ አይጠበቅም።

ስለ ታች ፎቆች ደግሞ፦ «እዘኑልን» ማለት ለጊዜው ያስነባ እንደሆነ እንጂ አያስከፍልም። የሚነካቸውን ንገሯቸው። የላይኞቹ ተስፋ ሲቆርጡ በየግል ዲናሞ ገዝተው ከመስመሩ በቀጥታ መሳብ ይጀምራሉ። ያኔ መጀመሪያ ግፊት የሚያጣው ምድር ቤት ነው። በዚያ ላይ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል የፍሳሽ ውሃ ይሳባል፣ የሚጠጣውም ሁሉም ነው። ከመስመር በዲናሞ መሳብ ክልክል የሆነውም ለዚህ ነው።

ትልቁ ስብሰባ ፓምፑ ከታየና ዋጋው ከታወቀ በኋላ ይጠራ፣ አጀንዳውም ሁለት ብቻ ይሁን፦ የጥገናው ዋጋና አዲስ አመራር። የግቢ ጽዳት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የውሻ ጩኸት ከገባበት ሌሊቱ ይነጋል።


አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነበር፤ ለካስ የጠየቀው ሰው የለም። ሁለት ባለቤቶች ባሉበት ተከፈተ። ቆጣሪው ይሠራል፣ ዲናሞው ያጉረመርማል፣ አይዞርም፤ ወዲያው አጠፋነው። ሰሌዳው 220 ቮልት ይላል። ከምድር ቤት አንድ አባት አብረውን ቆመዋል፣ ወረቀቱም ተለጥፏል።

አዲስ ጥያቄ፦ የታችኞቹ ሮቶዎች ሙሉ ናቸው፣ ውሃው ግን ቆሟል፣ ከግርጌ አረንጓዴ ነገር ይታያል። እስኪጠገን ይህን ለሰው ማደል ይቻላል?


የቧንቧ ሰው፦

አሁን ያለውን አታድሉ፤ ለወለልና ለመፀዳጃ ይሁን። ሁለት ሮቶ መኖሩ ግን ጥሩ ዕድል ነው፦ አንዱን ስታጸዱ ሌላው ይጠብቃል። ሁለቱን በአንድ ቀን ባዶ አታድርጉ፤ የሚቀጥለው ፈረቃ ቢዘገይ ወለል ማጠቢያም ታጣላችሁ።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። በግርጌው ማፍሰሻ ደለሉን አስወጡ። ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ከአፉ ሆናችሁ ግድግዳውን ፈትጉ፤ ሳሙናና ኦሞ አትጠቀሙ፣ ማለቅለቁ አያልቅም። ሰው ውስጥ አይግባ። የግድ ከሆነም በረኪና ከመግባቱ በፊት፣ አፉ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ እያየው ነው። ካለቀለቃችሁ በኋላ ሮቶውን ሙሉና በረኪና ጨምሩ። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ነው፣ ስለዚህ ለ5,000 ሊትር 5 ሊትር። የጠርሙሱን መቶኛ አንብቡ፤ 2.5 ከሆነ እጥፍ ይገባል፤ ምንም የማይል ከሆነ ተዉት። ሽታ የተጨመረበትንም አትግዙ፣ ከአሲድ ጋርም በምንም ዓይነት አይገናኝ። 24 ሰዓት ይቆይ። ያን ጊዜ ቧንቧው ታስሮ «አይቀዳም» የሚል ይለጠፍበት፤ ይህ መጠን ለማጽዳት እንጂ ለመጠጥ አይደለም። ከዚያ ሁሉም ወደ ፍሳሹ ይውጣ (አትክልት ላይ አይደለም)፣ አንድ ጊዜ ይለቅለቅ፣ ከመስመሩ እንደገና ይሞላ። የሚጠጣውን ማፍላት አይቀርም።

ለማደል፦ ከሮቶው መውጫ ላይ፣ ከፓምፑ በፊት፣ አንድ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) አስገብታችሁ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ አውጡ። በግማሽ ኢንች ጀሪካን ለመሙላት ብዙ ያስጠብቃል፣ ሰልፉም ጠብ ያመጣል። ቧንቧው ላይ አጭር ጎማ ይሰካ፤ ጣሳ እየነከሩ ከሮቶው አፍ መቅዳት የደከማችሁበትን ጽዳት በአንድ ቀን ያጠፋዋል።

ልኩን በቁጥር ተነጋገሩ። በችግር ጊዜ ለአንድ ሰው ዝቅተኛው በቀን 15 ሊትር ነው። አራት ሰው ላለበት ቤት 60 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር 3 ጀሪካን። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ፎቅ 18 ቤት ነው፦ በቀን 1,080 ሊትር። አንድ ሙሉ ሮቶ ከ4 ቀን በላይ ይሄዳል፣ በመሐል ፈረቃው ይመጣል። 54 ጀሪካን በሁለት ሁለት ደቂቃ ቢሞላ 108 ደቂቃ ነው፤ ጠዋት ከ12 እስከ 1፣ ማታ ከ12 እስከ 1 ከከፈታችሁ ይበቃል። ሌላው ሰዓት ይቆለፍ፣ ቁልፉ በየሳምንቱ ከፎቅ ወደ ፎቅ ይዙር። አንድ ሰው ብቻ ከያዘው በሁለተኛው ሳምንት «አለቃ ሆነችብን» ይመጣል።

የአራሷንና የአቅመ ደካሞቹን ለብቻ አስቡ። እዚያ ላይ ፈቃደኛ መጠበቅ አያዛልቅም፤ የተሸካሚውን ዋጋ ከመዋጮው ላይ መቁረጥ ይሻላል።


ዲናሞ ጠጋኝ፦

220 ቮልት ሆኖ ካጉረመረመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው፣ እሱም ከዲናሞ ጥቅለላ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ማክሰኞ የሚመጣው ባለሙያ በዚህ ተራ እንዲሄድ ጠይቂው፣ ሳያይ «ዲናሞው ይጠቅለል» ካለ ሌላ አምጪ።

ብሬከሩ ይጥፋና አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም። ባለሙያው ከኋላ በማራገቢያው በኩል ዘንጉን በእጅ ያዙረው። ተይዞ ከሆነ ዝገቱ ሲላቀቅ ብቻውን ሊድን ይችላል። እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ ካፓሲተሩ ይለካ። መብራት ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ መጀመሪያ ማስወጣት አለበት፤ እናንተ አትንኩት። ያበጠ ወይም ያዠ ከሆነ መለካትም አያስፈልግም። አዲሱ ማይክሮፋራዱ ከሰሌዳው ጋር አንድ ይሁን፣ ቮልቱ 450 ይሁን። «የሚቀርበው ይሠራል» የሚል ሻጭ አለ፤ ያነሰ ከሆነ አያስነሳም፣ የበዛ ከሆነ ዲናሞውን ያግለዋል። ካፓሲተር ተቀይሮም ካልተነሳ ወይም የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ ያኔ ጥቅለላ ነው፣ በዚያው ኩሽኔታውና (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) ማሸጊያው ሲልም ይቀየር፤ ለየብቻ ማስፈታት ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ነው።

ሲጠገን የታችኛው ሮቶ ተንሳፋፊ መኖሩን አረጋግጡ። ውሃው ከመሳቢያው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እያለ ፓምፑን ማጥፋት አለበት። ከፓምፑ በላይ የማይመልስ ቫልቭ ከሌለ ይግባ፣ አለዚያ ሲጠፋ የጣሪያው ውሃ ተመልሶ ይወርዳል።

መጀመሪያ በደንብ የሠራ ቀን ደግሞ ሰዓት ያዙ። ፓምፑ በዚያ ከፍታ በሰዓት 3,000 ሊትር የሚገፋ ከሆነ 5,000 ሊትሩን ሮቶ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሞላዋል። ያገኛችሁትን ቁጥር በቀለም የክፍሉ በር ላይ ጻፉት፣ ጥበቃው በወር አንዴ ያመሳክር። 2 ሰዓት ተኩል ሲወስድ ካያችሁ ወይ መሳቢያው ተደፍኗል ወይ አንድ ቦታ ይፈስሳል፤ ሳይቆም ጠጋኝ ጥሩ።